የፓምፑን እጀታ ያስነቀለው ሐኪም

በለንደን ሶሆ ሰፈር፣ ብሮድዊክ ስትሪት ላይ እጀታ የሌለው የውሃ ፓምፕ ቆሟል። ከፓምፑ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ጆን ስኖው ይባላል። ሰውየው ለብዙ ዓመታት መጠጥ የማይቀምስ፣ ሥጋም የተወ፣ ጭምት ሐኪም ነበርና ስሙ በመጠጥ ቤት በር ላይ መሰቀሉን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስኖው በ1813 ዮርክ ከተማ ውስጥ ከድሃ የጉልበት ሠራተኛ ቤት ተወለደ፤ ለዘጠኝ ልጆች ታላቅ ነበር። በ14 ዓመቱ ኒውካስል ከሚገኝ ሐኪም ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። ኮሌራ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝ የገባው ያኔ ነው። ገና ሃያ ያልሞላው ስኖው የኪሊንግዎርዝን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እንዲያክም ተላከ። በኋላ ስለ ኮሌራ ሲጽፍ፣ ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ውለው፣ እዚያው ተጸዳድተው፣ ባልታጠበ እጅ ስለሚበሉ የማዕድን ሠራተኞች ማንሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1836 ለንደን መጣ፤ በ1844 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክትሬቱን አገኘ። በዘመኑ ዝና ያተረፈው በማደንዘዣ ሙያው ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1853 እና በ1857 ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እሱ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዘመን መንግሥት ወረርሽኝን የሚከላከለው በምን ነበር? አንደኛው የ1825 የኳራንቲን ሕግ ነው። በሽታ ካለበት አገር የመጣ መርከብ ከወደብ ርቆ እንዲቆይ ያስገድዳል። ነጋዴው ይህን ሕግ አጥብቆ ይጠላው ነበር። ፍርሃቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ2006 እና በ2016 አገራችን ውስጥ በሽታው በባለሥልጣናት አፍ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ እንጂ ኮሌራ አልተባለም። ስሙ ከተጠራ ገበያው ይዘጋል ከሚል ስጋት የመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የ1848 የሕዝብ ጤና ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የተቋቋመው የጤና ቦርድ በኳራንቲን አያምንም፤ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ባይ ነበር። ዋናው ሰው ኤድዊን ቻድዊክ ሽታውን ለማጥፋት ሲባል የየቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ በቦይ እየታጠበ ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲፈስ አደረገ። ከተማው የሚጠጣውም ከዚሁ ወንዝ ነው! በ1848 እና 1849 ወረርሽኝ ለንደን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ስኖው በ1849 ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ኮሌራ በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ የሚራባ፣ በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ ነገር ነው አለ። ሰሚ ግን አላገኘም።

በ1854 ኦገስት ማብቂያ ላይ ብሮድ ስትሪት (የዛሬው ብሮድዊክ) አካባቢ ወረርሽኙ በአንድ ሌሊት ፈነዳ። በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ስኖው የሟቾቹን ዝርዝር ይዞ በየቤቱ ዞረ። ከሰፈሩ ርቀው ከሞቱት መካከል ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት መበለት ነበረች፤ የዚያ ፓምፕ ውሃ ስለሚጥማት በየቀኑ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። 535 ሰው በነበረበት የድሆች መጠለያ ደግሞ የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው፤ የራሱ ጉድጓድ ነበረው። የቢራ ፋብሪካው ሠራተኞችም ቢራ ስለሚጠጡ ደህና ነበሩ።

ሴፕቴምበር 7 ቀን ማታ ስኖው አጥቢያውን ከሚያስተዳድሩት ሹማምንት ፊት ቀረበ። እነሱም ሳያምኑበት፣ ምናልባት ለሚለው ያህል፣ በማግስቱ እጀታውን አስነቀሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ታሪኩን ጨርሰው ያጨበጭባሉ። ስኖው ራሱ ግን ነዋሪው ቀድሞ ስለሸሸ በሽታው ያኔ እየቀነሰ እንደነበር አልደበቀም። ለእኔ ትልቅነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያም ባሰ የተጠላበት ነገር መጣ። በ1855 ፓርላማው አጥንት ቀቃዮችንና ሞራ አቅላጮችን የመሳሰሉ ሽታቸው የሚያስቸግር ሙያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ሲያዘጋጅ፣ ስኖው ለኮሚቴው ቀርቦ ሽታው ወረርሽኝ እንደማያመጣ ለባለፋብሪካዎቹ መሰከረ። ላንሴት የተባለው የሐኪሞች መጽሔት ክፉኛ ዘለፈው። ሽታን ማጥፋት ለድሃው በጎ ሥራ ነበርና ቁጣው ይገባኛል። ስኖው ግን ሕግ በተሳሳተ ምክንያት ሲጻፍ ዝም ማለት አልቻለም።

በዚያው ዓመት የወጣው የበሽታ መከላከያ ሕግ በወረርሽኝ ጊዜ ሬሳ በፍጥነት እንዲቀበር፣ ሐኪሞች ቤት ለቤት እንዲዞሩ፣ መድኃኒት እንዲታደል የማዘዝ ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። ስኖው በበኩሉ በሁለተኛው እትሙ ከታመመ አገር የመጡ መርከቦች ላይ በሽተኛው ከጤነኛው ይለይ፣ ክትትሉ ግን ለኮሌራ ረጅም ጊዜ አያስፈልገውም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት የውሃ ኩባንያዎችንም አነጻጽሯል። ከቆሻሻው ቴምዝ የሚቀዳው ኩባንያ ካዳረሳቸው 10,000 ቤቶች 315 ሰው ሲሞት፣ ከከተማው በላይ ከሚቀዳው ግን 37 ብቻ ነው።

በ1858 ጁን ወር በ45 ዓመቱ በስትሮክ ሞተ። በዚያው በጋ የቴምዝ ክርፋት የፓርላማ አባላትን ሳይቀር አስመርሮ ለንደን ታላቁን የፍሳሽ መስመር እንድትሠራ ሕግ ወጣ፤ የጠሉት ሽታውን ነበር፣ የጸዳው ግን ውሃው ሆነ።

በ1866 ኮሌራ ተመልሶ መጣ። በዚያው ዓመት እኛም ዘንድ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ሰፍሮ የነበረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር መታው፤ ንጉሡ ሰፈራቸውን ወደ ደጋው በጌምድር አዛወሩ። በምሥራቅ ለንደን ግን ዊልያም ፋር የተባለው የመንግሥት የስታቲስቲክስ ሰው፣ ቀድሞ ስኖውን ይጠራጠር የነበረው፣ የሟቾቹን ቤት ከውሃ ኩባንያው መስመር ጋር አስተያየ። ክፍት የነበረ አንድ የውሃ ማከማቻ ተገኘ፤ ሕዝቡም ውሃ እያፈላ እንዲጠጣ ማስታወቂያ ወጣ። ስኖው ብሮምፕተን መካነ መቃብር ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።