ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ትምህርት

መተማ ዮሐንስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ1881 ዓ.ም. በዚያ የወደቁትን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው። ይሁን እንጂ ያው የቆላ ምድር ከ40 ዓመት በፊት ለሌላ ንጉሥ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር።

ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ የቋራ ተወላጅ ናቸው። በ1840 ዓ.ም. ከመተማ ማዶ ወደ ሱዳን ዘልቀው፣ ደባርቂ በተባለው ስፍራ መሽጎ ከጠበቃቸው የግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ሆኖም መድፍና የሠለጠነ ወታደር ድል ነሣቸው። ካሣ ግን ከሽንፈቱ ቂም ብቻ ይዘው አልተመለሱም። ከጠላታቸው ተምረው ሠራዊታቸውን ሥርዓት ለማስያዝ፣ መድፍም ለማግኘት ቆረጡ።

በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያንን በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ በጋፋት፣ አሰፈሩ። ሰዎቹ የመጡት በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን ለመስበክ ነበር፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ቴዎፊል ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ ይህን ሙያ አያውቁትም ነበርና አስተማሪ የተባሉት ራሳቸው ተማሪ ሆኑ። ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ፣ የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሆልም ታክሎበት፣ ሥራው ተሳካ። ያገሬው ወጣቶችና ሠራተኞች ከእነርሱ ሙያ ሲቀስሙ፣ እነርሱም አማርኛንና ያገሩን ጠባይ ተማሩ። ብረት ቀጥቃጭ በሚናቅበት በዚያ ዘመን ንጉሡ የእጅ ባለሙያን ማክበራቸው ታላቅ ነገር ነበር።

70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓጓዝ፣ መንገዱ በገደልና በሸለቆ ላይ መጠረግ ነበረበት። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሲሠሩ፣ ሠራዊቱም ተከተላቸው።

ሆኖም ሌላውን ገጽ መሸፈን አይገባንም። ንጉሡ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች የውጭ ሰዎችን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ባለሙያዎች እንዲያመጣላቸው ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ፣ ባለቤቱና ልጆቹ በአገር ውስጥ ቀሩ። የተቀጠሩት ባለሙያዎች ምጽዋ ድረስ ቢመጡም፣ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ተመለሱ። መተማመን በጠፋበት ትምህርት ሊቀጥል አልቻለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ፤ የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ። ሴባስቶፖል ዛሬም በአምባው ላይ ይገኛል።

እንግዲህ ከቋራው ሰው ሁለት ነገር እንማር። የማያውቁትን ከማንም፣ ከጠላትም ቢሆን፣ መማር ውርደት አይደለም፤ ዕውቀት ያለውን ሰው ማስገደድ ግን ዕውቀቱን ከነሰውየው ማጣት ነው። በየቁምስናችን አዲሱን መሣሪያ የሚያውቅ ወጣትና እርሻውን፣ ሸማውን፣ ብረቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁለቱን በፍቅርና በመከባበር በአንድ ወንበር ማስቀመጥ የእኛና የካቴኪስቶቻችን ድርሻ ነው።