ምልክት የሌለው በር እና የቴክሳሱ ልጅ

ባለፈው ዓመት ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ ስሄድ ትራንዚት ላይ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ምንም ያልተጻፈበት በር አለ። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ይመጣል፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በስሙ ጠርታ ሰላም ትለዋለች፣ በሩ ተከፍቶ ይዘጋል። የቢዝነስ ክላስ ላውንጅ እንዳይባል እሱ ከፎቅ ላይ ነው፤ ትልቅ ምልክትም አለው። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ተነስቼ ልጅቷን ይሄ ምንድነው፣ እንዴት ነው የሚገባው አልኳት። በጣም በትሕትና ነው የመለሰችልኝ፤ የሚገባው ሰው ራሱ ያውቀዋል ማለቷ ነበር። ቅር ብሎኝ ተመለስኩ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ቅር ሲለው ምን ያደርጋል? ያነባል። ለካ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ከወርቅና ከፕላቲኒየም ካርድ በላይ ሌላ ደረጃ አላቸው። የአሜሪካን አየር መንገድ ኮንሲዬርዥ ኪ ይባላል፣ የዩናይትድ ግሎባል ሰርቪስስ፣ የዴልታ ደግሞ ዴልታ 360። ማመልከቻ የለውም። ይህን ያህል ማይል ብበር ይሰጡኛል ብለህ የምትቆጥረው ነገርም የለም፤ ለብዙ ዓመታት መስፈርቱ ሳይነገር በግብዣ ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። የመገናኛ በረራህ ሊያመልጥህ ሲል አውሮፕላኑ ሥር መኪና ይዘው የሚጠብቁህ ለዚህ ደረጃ ነው። በ2009 የወጣውን የጆርጅ ክሉኒ ፊልም ያየ ሰው ካርዱን ያስታውሰዋል።

የዚህን ነገር ሥር ስፈልግ አንድ ሰው ላይ ደረስኩ። ሳይረስ ሮውሌት ስሚዝ ይባላል፤ በሕይወት ዘመኑ ሁሉም የሚጠራው ሲ. አር. ብሎ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሚዝ በ1899 ሚነርቫ በምትባል የቴክሳስ ትንሽ መንደር ተወለደ። ሰባት ልጆች ነበሩ፣ እሱ የመጀመሪያው። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሲሄድ ገና ልጅ ነበር፤ እናቱ ሰባቱን ይዛ ቀረች። በዘጠኝ ዓመቱ የአንድ ከብት ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ተላላኪ ሆነ። ጥጥ ለቅሟል፣ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጥሯል። እኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሁለተኛ ደረጃን አላጠናቀቀም። ግን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፈቃድ ተቀበለው፣ ንግድና ሕግ ተማረ፣ በ1924 ጨረሰ። ይቺን ልዩ ፈቃድ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ተማሪ ሳለ ከሚሠራቸው የጎን ሥራዎች አንዱ ከመንግሥት መዝገብ የሰዎችን ስምና አድራሻ እያሰባሰበ ለነጋዴዎች መሸጥ ነበር። ዛሬ ዳታ ሻጭ እንለው ነበር።

ሲመረቅ ሒሳብ አዋቂ ሆነ። አውሮፕላን የሚባል ነገር ውስጥ የገባው ፈልጎ አይደለም። ይሠራበት የነበረው የመብራት ኃይል ኩባንያ ባለቤት በ1928 ቴክሳስ ኤር ትራንስፖርት የሚባል ትንሽ የፖስታ አየር መንገድ ገዛና ሒሳቡን እንዲይዝ ስሚዝን ላከው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ሌላውን ሲውጥ፣ ሌላው ደግሞ እሱን ሲውጠው ቆይቶ አሜሪካን ኤርላይንስ ተወለደ። በ1934 ስሚዝ ፕሬዚዳንት ሲሆን 35 ዓመቱ ነበር።

የዚያን ጊዜ አየር መንገድ የሚኖረው በፖስታ ነው። መንግሥት ደብዳቤ ለማመላለስ ይከፍላል፤ ተሳፋሪ ተጨማሪ ነገር ነው። በዚያው በ1934 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፖስታ ውሎችን ሲሰርዙ ሁሉም ራቁቱን ቀረ። ስሚዝ የተረዳው ነገር ቀላል ነበር፤ ሰው ብቻ ጭኖ የሚያተርፍ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ዶናልድ ዳግላስ ጋር ስልክ ደወለ። ወሬው ሁለት ሰዓት ያህል እንደፈጀና የስልኩ ሒሳብ ብቻ ከ300 ዶላር በላይ እንደወጣ ይነገራል። ዳግላስ መጀመሪያ አልፈለገም ነበር፤ በመጨረሻ እሺ አለ። ከዚያ የወጣው ዲሲ 3 ነው። የቀድሞው ዲሲ 2 የሚጭነው 14 ሰው ነበር፣ ዲሲ 3 ደግሞ 21። የማብረሪያው ወጪ የጨመረው ጥቂት፣ ወንበሩ የጨመረው በግማሽ። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ሊያሰላው የሚችል ትርፍ ነው፤ ግን መጀመሪያ ሰው ማሰብ ነበረበት።

በነገራችን ላይ ይህ አውሮፕላን እኛንም ያገኘናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ 47 ነው። ሲ 47 ማለት የወታደር ልብስ የለበሰ ዲሲ 3 ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ስሚዝ አውሮፕላኖቹን ፍላግሺፕ አላቸው፤ የባሕር ኃይል አዛዥ የሚሳፈርባት ዋና መርከብ እንደማለት። መሬት ላይ ሲቆሙ ትንሽ ባንዲራ ይሰቀልባቸው ነበር። መርከብ ካለ አድሚራል መኖር አለበት፣ አይደል? እናም ለተመረጡ ደንበኞች የፍላግሺፕ አድሚራል ናችሁ የሚል የምስክር ወረቀት መላክ ጀመረ። ወጪው ወረቀትና ቴምብር ነው። የኩባንያ ኃላፊው ተቀብሎ በፍሬም ቢሮው ይሰቅለዋል። የሚገርመው ይሄ ነው፤ ማስታወቂያውን ደንበኛው ራሱ፣ ያውም በነፃ፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፍልሃል።

በ1939 ኒውዮርክ ላጓርዲያ ሲከፈት ስሚዝ ለአድሚራሎቹ ክፍል አዘጋጀ። አድሚራልስ ክለብ ተባለ፤ የዓለም የመጀመሪያው የአየር ማረፊያ ላውንጅ እሱ ነው። የአባልነት ክፍያ የለም። ብትከፍልም አትገባም። የሚገባው አየር መንገዱ የጋበዘው ነው፤ ሴናተር፣ ጄኔራል፣ የኩባንያ አለቃ።

ለምን ክፍያ አልጠየቀም? እዚህ ጋ ትምህርቴ ትንሽ ይጠቅመኛል። ከ1938 ጀምሮ በአሜሪካ የአየር ትኬት ዋጋ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር። አንተ ከተፎካካሪህ ቀንሰህ መሸጥ አትችልም። ዋጋ ከታሰረ ፉክክሩ ወደ ምግቡ፣ ወደ ወንበሩ፣ ወደ ክብሩ ይሄዳል። ደግሞም ለሥራ የሚበር ሰው ትኬቱን የሚከፍልለት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ አየር መንገዱን የሚመርጠው ግን እሱ ነው። ለከፋዩ ቅናሽ ከመስጠት መራጩን ማስደሰት ይረክሳል። በዚያ ላይ መስፈርቱ ካልተነገረ ማንም ከለካው በላይ አይበርም አይባልም፤ መስመሩ የት እንዳለ ስለማያውቅ ያለማቋረጥ ይበራል። የተነገረ መስፈርት ግን ሰው ልክ ሲደርስበት ያርፋል። እኔ ይሄን ሳነብ ተናድጄም አድንቄም ነበር።

የተናደድኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ትኬት በአንድ ዓይነት ዋጋ ገዝተዋል። አንዱ ሶፋ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ወለል ላይ፤ ልዩነቱን የወሰነው አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግምት ነው። የማይታወቅ መስፈርት ይግባኝ የለውም። ይህን የጠየቁ አሜሪካውያን ተሳፋሪዎችም ነበሩ፤ የአድልዎ አቤቱታው በረታና በ1970ዎቹ የአየር መንገዶቹ ክለቦች በሮች ዓመታዊ ክፍያ ለሚከፍል ሁሉ ተከፈቱ።

ስሚዝ ግን ሰውዬው ራሱ ትዕቢተኛ አልነበረም፤ ነገሩን የሚያወሳስብብኝ ይሄ ነው። ማስታወሻዎቹን ራሱ በታይፕራይተር ይመታል፣ አጫጭር ናቸው። በየአየር ማረፊያው እየዞረ መካኒኩን፣ ሻንጣ ጫኚውን በስም ይጠራል። ጦርነቱ ሲመጣ በ1942 ኩባንያውን ትቶ የአየር ትራንስፖርት ዕዝ ውስጥ ገባ፣ ምክትል አዛዥ ሆኖ እስከ ሜጀር ጄኔራልነት ደረሰ፣ በ1945 ተመለሰ። አንድ ጊዜ አግብቶ ተፋታ፤ አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ ዳግም አላገባም። ሥራው ቤቱ ሆነ ማለት ይቀላል።

ልዩ ፈቃዷን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሰርተፊኬት ሳይኖረው ዩኒቨርሲቲ የገባው አንድ ኃላፊ ይህ ልጅ ይችላል ብሎ ስለገመተ ነው። መስፈርቱ በጥብቅ ቢሠራ ኖሮ ስሚዝ ጥጥ ለቀማው ላይ ይቀር ነበር። እንግዲህ ሰው መርጦ በር መክፈት ለእሱ ክፉ ነገር እንዳልነበረ ይገባኛል። ልዩነቱ ግን አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የከፈተለት ምንም ስላልነበረው ነው፣ እሱ የከፈተው ሁሉም ለነበራቸው ነው። ይህን አስቦት ያውቅ እንደሆነ ሳስብ ቆየሁ።

በ1953 ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ በራሱ አውሮፕላን ሲበር አጠገቡ የተቀመጠው የአይቢኤም ሻጭ ነበር። እሱም ስሚዝ ነው የሚባለው፤ ወሬው የተጀመረው በስሙ ነው። ያኔ ቦታ መያዝ ማለት ካርድ፣ የሚሽከረከር ጠረጴዛና ስልክ ነው፤ አንድ ትኬት በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ይፈልግ ነበር። ከዚያ ውይይት ሴበር የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ወጣ፤ በ1960ዎቹ ሥራ ላይ ሲውል ሰዓቱ ወደ ሰከንዶች ወረደ። ዛሬ በስልካችን ትኬት ስንቆርጥ የዚያ ወሬ የልጅ ልጅ ነው።

በ1968 ከአየር መንገዱ ወጥቶ የፕሬዚዳንት ጆንሰን የንግድ ሚኒስትር ሆነ። በ1973 ተተኪው ለኒክሰን ምርጫ በሕገወጥ መንገድ ገንዘብ ሰጥቶ ሲለቅ፣ የ74 ዓመቱን ሽማግሌ ጠርተው ለጥቂት ወራት አስመሩት። ከዚያ በቃው።

በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የሚባለውን የማይል ፕሮግራም ሲጀምር አባላቱን ከየት አመጣቸው? ሴበርን ከፍተው ተደጋግሞ የሚመጣ የስልክ ቁጥር ፈለጉ። እንዲህ የተገኙትን ወደ 130 ሺህ ተጓዦችና 60 ሺህ የአድሚራልስ ክለብ አባላትን ሳይጠይቋቸው መዘገቧቸው። ተማሪው ስሚዝ በእጅ ያደርገው የነበረውን የስም ዝርዝር ሥራ ማሽኑ ተረከበው። ደረጃዎቹ በግልጽ ቁጥር ተከፋፈሉ፤ ማንም ቆጥሮ መድረስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ከቁጥሩ በላይ፣ በግብዣ ብቻ የሚከፈተው በር ተመልሶ መጣ።

ስሚዝ በ1990 በ90 ዓመቱ አናፖሊስ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው አርሊንግተን ነው። ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ውስጥ በስሙ ሙዚየም አለ፤ አንድ ዲሲ 3 ይታይበታል። መግቢያው በትኬት ነው።