ልብ ወለዱን በዶሴ ያሰናዳው ኤሚል ዞላ

ዶሴ የሚባለውን ነገር በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል። ከመዝገብ ቤት ወጥቶ በጠረጴዛችን ላይ ያርፋል፤ ሐሳብ ተጽፎበት ወደ ሌላው ክፍል ይመራል፤ በመጨረሻም ወደ መደርደሪያው ተመልሶ አቧራ ይለብሳል። ስለዚህ ዶሴ ሲባል ልብ ወለድ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ቃሉ ከፈረንሳይኛ እንደ መጣልን ሁሉ፣ ልብ ወለድን በዶሴ ማሰናዳት እንደሚቻል በሥራው ያሳየውም ሰው ፈረንሳዊ ነው። ይኸውም ኤሚል ዞላ ነው።

ይህን ሰው ለዛሬው እሑድ የመረጥንበት ምክንያት አለን። አብረውን ከተማሩት መካከል ልብ ወለድ የጀመረ ብዙ ነው፤ የጨረሰ ግን አናውቅም። እኛም ብንሆን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመ ደብተር በመሳቢያችን ውስጥ አለን። ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ የተባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በዘመናችን ተሠርተዋል። ስክሪቭነርን የመሰለው ፕሮግራም ምዕራፎቹን በትንንሽ ካርዶች አሰልፎ ያሳያል፤ የባለታሪኩ መልክና ጠባይ የሚሞላበት ቅጽ ያቀርባል፤ ከየመጻሕፍቱ የተቃረመውንም ማስታወሻ ለብቻው ያኖራል። ታዲያ ቅጽ መሙላት ሰውን ደራሲ ያደርገዋልን? መልሱን ከዞላ ሕይወት እንፈልግ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ዞላ በ1840 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ከኢጣልያ የመጣ መሐንዲስ ሲሆን፣ ለኤክስ ከተማ ውሃ የሚያመጣ ቦይ በማሠራት ላይ ሳለ በ1847 ሞተ፤ እናትና ልጅም ችግር ላይ ወደቁ። ከጊዜ በኋላ ታላቅ ሠዓሊ የሆነው ፖል ሴዛን በኤክስ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር። ዞላ ወደ ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ በ1859 የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ብዙ ከተቸገረ በኋላ በ1862 አሼት በተባለው የመጻሕፍት ድርጅት ውስጥ ጥቅል እያሰረ ሥራ ጀመረ፤ ቆይቶም የማስታወቂያው ክፍል ኃላፊ ሆነ። መጽሐፍ በስሜት መነሣሣት ብቻ ሳይሆን በሥርዓትና በቀን ገደብም ጭምር እንደሚወጣ የተማረው በዚያ ይመስለናል።

በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይ ላክሯ ለተባለ አሳታሚ አንድ ትልቅ ዕቅድ አቀረበ። በሣልሳዊ ናፖሌዎን መንግሥት ዘመን የኖሩትን የአንድ ቤተሰብ ዘሮች ታሪክ በዐሥር ልብ ወለዶች ሊተርክ አሰበ። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እንደ ዛፍ ሥሎ ማን ከማን እንደ ተወለደና ምን እንደ ወረሰ አስቀድሞ ወሰነ። ይሁን እንጂ ዕቅዱ ገና ከመነሻው ተፈተነ። የመጀመሪያው ታሪክ በጋዜጣ መውጣት በጀመረበት በ1870 ጦርነት ተነሣና ንጉሠ ነገሥቱ ተማርኮ መንግሥቱ ወደቀ። ዞላ ግን ዕቅዱን አልጣለም፤ ይልቁንም የመንግሥቱ መውደቅ ለረጅሙ ታሪኩ መደምደሚያ እንደ ሰጠው ተገነዘበ። በ1871 የመጀመሪያው መጽሐፍ ታተመ፤ ዐሥሩም እየበዙ ሄደው በ1893 በሃያ ተፈጸሙ።

እነዚህን መጻሕፍት ያሰናዳበት መንገድ ዛሬ ፕሮግራሞቹ ከሚሰጡን ቅጽ ጋር ይመሳሰላል። ለየመጽሐፉ አንድ ዶሴ ይከፍታል። በመጀመሪያ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው እያመነታና እየሰረዘ የታሪኩን ሐሳብ በወረቀት ላይ ያወርዳል። ቀጥሎ የየባለታሪኩን ዕድሜ፣ መልክና ጠባይ በየወረቀቱ ይመዘግባል። ከዚያ ካነበበውና በዓይኑ ካየው የሰበሰበውን ማስታወሻ ይጨምራል። በመጨረሻም የየምዕራፉን ንድፍ ያወጣል፤ መልሶም አስፍቶ ይጽፈዋል። ዋናውን ድርሰት የሚጀምረው ይህን ሁሉ ካሰናዳ በኋላ ሲሆን፣ በየጥዋቱ ጥቂት ጥቂት ገጽ እየጻፈ ይገፋበታል። አብዛኞቹ ዶሴዎች ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚያስተምረን ዠርሚናል የተባለው ልብ ወለድ ዶሴ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ስለ ሠራተኞች ኑሮ የተመደበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ እርሱም በ1877 ታትሞ ዞላን ባለ ዝናና ባለ ሀብት አድርጎታል። ሰውየው ግን የሠራተኛው ጥያቄ በዚያ መጽሐፍ እንዳላለቀ ስለ ገባው በዕቅዱ ያልነበረ ሌላ መጽሐፍ ጨመረ። በየካቲት 1884 በሰሜን ፈረንሳይ በአንዛን የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ወደዚያው ገሠገሠ። ከሠራተኞቹ መንደር ገብቶ ቤታቸውን አየ፤ ጉድጓዱም ውስጥ ወረደ። መጻፍ የጀመረው በሚያዝያ 1884 ሲሆን፣ በሰባት ክፍልና በአርባ ምዕራፍ የተዘጋጀውን መጽሐፍ በጥር 1885 ጨረሰ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባንም። ዞላ ዕቅዱን የመሠረተበት የውርስ ትምህርት በዘመኑ እንደ ሳይንስ ይቆጠር እንጂ ኋላ ቀርቶ ተጥሏል። ስለ ዘር ሐረጉ ዛፍ ብሎ መጽሐፉን የሚያነብ ዛሬ ጥቂት ነው። በጉድጓዱ ጨለማ የሚድኸው ሠራተኛና ዳቦ አጥታ የምትጨነቀው እናት ግን ዛሬም አልሞቱም። ቅጹ አርጅቶ በቅጹ የተመዘገበው ሰው ወጣት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ዶሴ ለክፉም እንደሚውል ዞላ በኋለኛ ዕድሜው አይቷል። ሻምበል ድሬፉስ በ1894 ያለ በደሉ በክሕደት ሲፈረድበት፣ ተከላካዩ ያላየው ምስጢራዊ ዶሴ ለዳኞቹ ተሰጥቶ ነበር። ዞላም በጥር 1898 ለሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት በጋዜጣ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የበዳዮቹን ስም አንድ በአንድ ዘርዝሮ ከሰሰ። ስለዚህም ተከሶ እስራት ስለ ተፈረደበት ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ የተመለሰውም በ1899 ነበር። በ1902 ከምድጃ በወጣ መርዘኛ ጢስ ታፍኖ ሞተ። በቀብሩ ዕለት የማዕድን ሠራተኞች መልእክተኞች የዠርሚናልን ስም እየጠሩ ተከተሉት። ድሬፉስ ንጹሕ መሆኑ በ1906 ተረጋገጠ፤ የዞላም አፅም በ1908 ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ተዛወረ።

እንግዲህ ፕሮግራሙን አትጠቀሙበት አንልም። ሸማኔ ድሩን ሳይዘረጋ ማጉን አይወረውርም፤ ቀኑን በመሥሪያ ቤት ውሎ ማታ የሚጽፍ ወጣትም ትናንት ከየት እንዳቆመ የሚያሳየው ንድፍ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ዞላን ታላቅ ያደረገው ወረቀቱን በሥርዓት መደርደሩ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ባዶ ሲሆንበት ተነሥቶ ጉድጓድ መውረዱ ነው። ዕቅዱ ያላሰበውን ሕይወት ሲያገኝም ሕይወቱን ለዕቅዱ ሲል አልቆረጠም፤ ዕቅዱን አሰፋ። እኛም በመሳቢያ ያስቀመጥነውን ደብተር ነገ ስናወጣ፣ ቅጹን ከመሙላታችን በፊት ስለ ማን እንደምንጽፍና ያን ሰው ከደጁ ሄደን አይተነው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።