ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ድመቶቹ

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. ከአንድ የሜቶዲስት ሰባኪ ተወለደ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የእንስሳትን ጠባይ ለመመርመር ቢፈልግም የሚሠራበት ቦታ አልነበረውም። ጫጩቶቹን በተከራየው ክፍል ውስጥ ማኖር ቢጀምር የቤቱ ባለቤት ከለከለችው። በዚህ ጊዜ ስመ ጥሩው መምህሩ ዊልያም ጄምስ የገዛ ቤቱን ምድር ቤት ለጫጩቶቹ ለቀቀለት። የጄምስ ትንንሽ ልጆች በእንግዶቹ እጅግ ሳይደሰቱ አልቀሩም።

ስሙን ያስጠራው ግን ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በድመቶች ላይ ያደረገው ምርምር ነው። ከርብራብ እንጨት ሣጥኖች ሠራ። የተራበ ድመት ከውስጥ ይዘጋበታል፤ ከውጭ ቁራጭ ዓሣ ይቀመጣል። በሩ የሚከፈተው ድመቱ የተንጠለጠለ ቀለበት ሲስብ ወይም መርገጫ ሲረግጥ ነው። ድመቱ ይህን ከወዴት ያውቃል? ይነክሳል፣ ይቧጭራል፣ በርብራቡ መካከል ለመሹለክ ይታገላል። ከብዙ ልዩ ልዩ ሙከራ በኋላ በአጋጣሚ ቀለበቱን ይስብና ይወጣል። ከድመቶቹ አንዱ በመጀመሪያ ጊዜ ለመውጣት 160 ሰከንድ ፈጀበት፤ በ24ኛው ጊዜ 7 ሰከንድ በቃው። ጊዜው ያጠረው ከፍ ዝቅ እያለ ቀስ በቀስ ነበር። ከንቱዎቹ እንቅስቃሴዎች ተራ በተራ ተትተው ዓሣ ያስገኘው ብቻ ቀረ።

በሌላ ሣጥን ደግሞ ድመቱ ገላውን ሲልስ ቶርንዳይክ ራሱ በሩን ይከፍትለት ነበር። መላሱም ከቀን ወደ ቀን አጠረ፤ በመጨረሻ ራሱን ፈጥኖ ዞር አድርጎ ምላሱን አንድ ሁለት ጊዜ ማንቀሳቀስ ብቻ ሆነ። ድመቱ የሚያስከፍለውን ያህል ብቻ ሠራ ማለት ነው። ቶርንዳይክ ይህን ሁሉ በ1898 በዶክትሬት ጽሑፉ አቀረበ፤ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍም የውጤት ሕግ ብሎ ሰየመው።

ከዚያ በኋላ በኮሎምቢያ የመምህራን ኮሌጅ ለ40 ዓመታት ያህል አስተማረ። በሸመገለ ጊዜ የገዛ ሕጉን እንደ ገና መርምሮ፣ ቅጣት ጠባይን የማዳከሙ ኃይል ሽልማት ከሚያጠናክርበት ኃይል ጋር እንደማይተካከል አመነ። የስመ ጥር ሰው እንዲህ መታረም ከግኝቱ የማያንስ ነገር ነው። በ1949 ሞተ።

ሣጥኖቹ ግን አንድ ጥያቄ ትተው ነበር። ሽልማት የድመቱን ብዙ መንገድ ወደ አንድ ካጠበበ፣ መለያየቱ ራሱ ቢሸለምስ? በ1965 በሃዋይ አሠልጣኞች አንዲትን ዶልፊን ከዚያ በፊት ያላሳየችውን ድርጊት ስታሳይ ብቻ ዓሣ ይሰጧት ጀመር፤ እርስዋም ማንም ያላስተማራትን ትርኢት ታመጣ ጀመር። በ1985 ደግሞ ሱዛን ፔጅና አለን ኖይሪንገር ርግቦች ሁለት ቁልፎችን ስምንት ጊዜ በምንቃራቸው እንዲመቱ አደረጉ። እህል የሚገኘው የአመታቱ ቅደም ተከተል ካለፉት 50 ሁሉ የተለየ ሲሆን ነበር። ርግቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ተሳካላቸው። እህሉ ልዩነትን ሳይጠይቅ በተሰጠ ጊዜ ግን ያንኑ አመታት ወደ መደጋገም ተመለሱ።