ከአንጎለላ የተነሣው ስም

በሀገራችን ወግ አንድ የቤተሰብ ስም ለዘመናት ሲወራረስ አይኖርም። ልጅ በአባቱ፣ አባትም በአባቱ ስም ይጠራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለማወቅ ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው። አንዳንዴ ግን አንድ ስም ብቻውን የዘር ሐረግን ይሸከማል። የዳግማዊ ምኒልክ ስም እንዲህ ያለ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ የነበሩት ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡላቸው አያታቸው መሆናቸው ይነገራል።

ስለ ስሙ አመጣጥ ሁለት መንገድ አለ። በአፈ ታሪክ ሲወርድ የመጣው፣ ልዑሉ ከአገልጋይ ልጅ መውለዳቸው ሐሜት ስለሚያስነሣ ምን ይልህ ሸዋ ከሚለው አነጋገር ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛው ወደ ክብረ ነገሥት ይወስዳል። በዚያ የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ በይነ ልሕክም ይባላል፤ ሊቃውንት ስሙን የጠቢቡ ልጅ ከሚል የዐረብኛ ቃል ያመጡታል። አንደኛው መንገድ ከጓዳ፣ ሌላው ከዙፋን ይነሣል።

ስሙ ግን ብቻውን ከመከራ አላዳነም። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም አረፉ፤ የ11 ዓመቱ ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ። ካሣ የተባሉት ንጉሠ ነገሥት በትንቢት የሚጠበቀውን የቴዎድሮስን ስም በንግሥናቸው ወስደው ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ልጅ ግን የታላቁን ስም ከአያቱ ተቀብሎ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ አንኮበርም ንጉሥዋን አገኘች። ከደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼንም መቀመጫቸው አደረጉ።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲቀቡ ሌላ የመንግሥት ስም አላሻቸውም፤ ዳግማዊ የሚለው ብቻ ተጨመረ። በ1888 ዓ.ም የዓድዋ ድል ስሙን ከሀገር አሻግሮ ለዓለም አሰማው። በጦር ሜዳ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ።

ሰባት ቤት ሲቆጠር ኃይለ መለኮት፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ወሰን ሰገድ፣ አስፋ ወሰን፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አብዬና ሰብስቴ ይገኛሉ፤ ስምንተኛው የሸዋን ቤት የመሠረቱት ነጋሲ ናቸው። በዚህ ቆጠራ እጅጋየሁ የሉም፤ ወጋችን የአባትን እንጂ የእናትን ስም አያስከትልምና። ይሁን እንጂ ነገሥታት የኮሩበትን ስም የተሸከመውን ልጅ የወለዱት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ዘሩን የሚቆጥር ሰው ከአባቶቹ ጎን የእናቶቹንም ስም ለልጆቹ ቢነግር የቤቱ ታሪክ ሙሉ ይሆናል።