ዩዤን ፍሬሲኔና የኮንክሪት ድልድይ ዲዛይን፦ ጊዜ ያልተቆጠረበት ስሌት

የኮንክሪት ድልድይ ዲዛይን ዋነኛ ጥያቄ የሚፈለገውን ርቀት በአነስተኛ ቁስና ወጪ በአስተማማኝ ሁኔታ መሻገር ነው። ቁሱ በቀነሰ መጠን ግን የስሌት ጉድለት መሸሸጊያ ያጣል። የፈረንሳዊው መሐንዲስ የዩዤን ፍሬሲኔ (1879–1962 እ.ኤ.አ.) የሥራ ዘመን ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

ፍሬሲኔ በኮሬዝ ክፍለ ሀገር በኦብዣ ተወለዱ። በፓሪስ በኤኮል ፖሊቴክኒክና በድልድዮችና መንገዶች ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ በ1905 በሙላን አካባቢ የመንግሥት መሐንዲስ ሆኑ። በዚያም በአሊዬ ወንዝ ላይ ሦስት ድልድዮችን ለአንድ ድልድይ በተገመተ ወጪ ለመገንባት ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ። ከሦስቱ አንዱ የለ ቨርድር ድልድይ ሲሆን፣ መካከለኛው ቅስት 72.5 ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር።

ሥራው በተጠናቀቀ በወራት ውስጥ፣ በ1911፣ የቅስቶቹ አናት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ አለ። ቅስቶቹ ዝርግ በመሆናቸው አናታቸው ዝቅ ባለ ቁጥር አግድም ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ኮንክሪቱ ይበልጥ ያጥራል፤ የዚህም ፍጻሜ መደርመስ ነው። ፍሬሲኔ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር በቅስቶቹ አናት ላይ ሃይድሮሊክ ክሪክ አስገብተው ወደ ላይ ከመለሷቸው በኋላ፣ የአናቱን ማጠፊያዎች በኮንክሪት ዘጉ። ድልድዩም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪወድም ድረስ አገለገለ።

የዘመኑ ስሌት የኮንክሪትን የመለጠጥ መጠን በጊዜ የማይለወጥ አድርጎ ይወስድ ነበር። ፍሬሲኔ ግን ኮንክሪት በቋሚ ጭነት ሥር ለዓመታት ማጠሩን እንደሚቀጥል ተገነዘቡ፤ ይህም ዛሬ ክሪፕ የሚባለው ባሕርይ ነው። ግንዛቤያቸው ቀደምት የቅድመ ውጥረት ሙከራዎች የከሸፉበትን ምክንያት ገለጠ። ለምሳሌ ኮንክሪቱ በጊዜ ሂደት 0.0006 ያህል ቢያጥር፣ ብረቱ ወደ 120 ሜጋፓስካል የሚጠጋ ውጥረት ያጣል። በመጠነኛ ኃይል የተወጠረ ተራ ብረት ውጥረቱን ከሞላ ጎደል ሲያጣ፣ በ1000 ሜጋፓስካል የተወጠረ ጠንካራ ብረት ግን አብዛኛውን ይይዛል።

በዚህ መርሕ ላይ የተመሠረተውን የፈጠራ መብት በ1928 ከዣን ሴያይ ጋር አስመዘገቡ። ሀብታቸውን ያፈሰሱበት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፋብሪካ ግን በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ከሰረ። የዘዴው ዋጋ በይፋ የታየው በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በመስመጥ ላይ የነበረውን የለ አቭር ወደብ የመንገደኞች ጣቢያ መሠረት በዚሁ መርሕ ሲያድኑ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በማርን ወንዝ ላይ 55 ሜትር የሚሻገረው የሉዛንሲ ድልድይ በ1946 ተጠናቀቀ። ተከትለውም እያንዳንዳቸው 74 ሜትር የሚሻገሩ አምስት ተመሳሳይ ድልድዮች በቅድሚያ ከተመረቱ ክፍሎች ተገነቡ፤ ንድፉ በመደጋገሙም የቅርጽ ማውጫው ወጪ ለአምስቱ ተከፋፈለ።

ከዚህ የሥራ ታሪክ የሚወሰደው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የቁስን መጠን ዝቅ የሚያደርግ ማንኛውም የዲዛይን ማሻሻያ የጊዜን ውጤት ከገደቦቹ መካከል ካላካተተ፣ ያገኘው ቁጠባ በለ ቨርድር እንደታየው አስተማማኝነት ይጎድለዋል።