ተበድረው የመለሱት ንጉሥ

በዚህ ገጽ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ትጽፍልን የነበረችው እህታችን ጨርሳ አገሯ ስለገባች ተራው እኔ ጋ ደርሷል። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ። ታሪክ ግን ድሮም እወዳለሁ። ማታ ዕቃው ታጥቦ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ማዳም በሯን ስትዘጋ በስልኬ የማነበው እሱን ነው።

ስለ ማን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ባለፈው ወር ኮባር በተሰበሰብንበት ቀን የሆነው ትዝ አለኝ። ዕዳ ያለበት እጁን ያውጣ ሲባል መጀመሪያ ሁሉም ተያየ። አንዷ አወጣች፣ ሁለተኛዋ ቀጠለች፣ ከዚያ እጁን ያላወጣ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከበደ። እኔም አውጥቻለሁ። ስለዚህ ስለ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ልጽፍላችሁ ነው። ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ ቆዩኝማ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። የምኒልክ ስም ሲነሳ የሁላችንም ልብ እኩል አይሞቅም። በማኅበራችን የወሎም፣ የጅማም፣ የአርሲም፣ የትግራይም፣ የጎንደርም ልጅ አለ። ዘመቻቸው በአያት ቅድመ አያቱ ላይ ያለፈበት ወገን ሐዘን አለው፣ እሱን ማንም ሊክደው አይገባም። እኔ ዛሬ የማነሳው ሰውዬው ገንዘብ እንዴት እንደተበደሩና ከዕዳው እንዴት እንደወጡ ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው አንጎለላ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ አገልጋይ እንደነበሩ ይነገራል። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። የሰው ቤት የምትሠራ ሴት ልጅ ማለት ነው እኮ።

አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ አባታቸው በዚያው ሰሞን ሞቱ፣ ልጁ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። እዚያ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ ሴት ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ቢሆንም የሰው ቤት የሰው ቤት ነውና በ1857 ዓ.ም. በሌሊት ጠፍተው ወጡ። በወሎ በኩል ሲያልፉ የአገሩ ገዥ የነበረችው ወርቂት እጅ ገቡ። የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጇን ታተርፍ ነበር ይሆናል። እሷ ግን አሳለፈቻቸው፣ ቴዎድሮስም ልጇን ገደሉት። የወሎ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በዓለም ላይ ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ ካለ ይሄ ነው፣ በገንዘብ አይቆጠርም።

ሸዋ ገብተው ነገሡ። የጦርነቱንና የግዛቱን ነገር በዝርዝር አልገባበትም፣ ገጹም አይበቃኝም። በ1875 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን አገቡ፤ በጥር 1879 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ። ሐረርን አስታውሱልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

በዚያው ዓመት አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ደረሰ። ስሙ አርተር ራምቦ ነው። በልጅነቱ በጻፈው ግጥም ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሰው ነው፣ ያኔ ግን ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር። ከታጁራ ተነስቶ በዚያ በረሃ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አምጥቷል። ችግሩ ሸሪኩ ነው። ላባቱ የሚባለው የንግድ ሸሪኩ ጉዞው ሳይጀመር ሞቷል፣ ሸዋ ውስጥ ግን ብዙ ዕዳ ነበረበት። ራምቦ ሲደርስ አበዳሪ ነኝ ባይ ሁሉ ከበበው። ምኒልክም ጠመንጃውን በርካሽ ገዙ፣ ላባቱ ይከፍለኝ ነበር ያሉትን ከላዩ ቀነሱ፣ የቀረውንም በእጅ አልሰጡም፤ ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። ሰውዬው ያን ሁሉ ተንከራቶ ከሰረ።

ምኒልክ እዚህ ላይ ጨካኝ ነበሩ፣ አልደብቅም። ግን በሰው ዕዳ ስለመግባት ከዚህ የበለጠ ታሪክ አላገኘሁም። አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ ደማም ነው የምትሠራው። ጓደኛዋ ኢቃማዬ አልታደሰም ብላ ለምናት ስልክ በተቅሲጥ በራሷ ስም አወጣችላት። ሦስት ወር ተከፈለ። ከዚያ ያቺኛዋ ኹሩጅ መትታ አገሯ ገባች። ስልኩ አዲስ አበባ ነው፣ ዕዳው ደማም ነው። እንዲህ ያለ ክስ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ከአገር እንዳትወጡ ሊያሳግዳችሁ ይችላል። በስማችሁ የሆነ ወረቀት የእናንተ ነው። የአብሸራችሁን ቁጥርና ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ ለእህታችሁም ቢሆን።

ወደ ዋናው ልግባ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ተነሱ፣ ለዚያ ደግሞ መሣሪያና ገንዘብ ያስፈልጋል። ጣልያን ወዳጅ መስላ ቀርባለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ውል ተዋዋሉ። ከዚያ የአክስታቸውን ልጅ ያኔ ደጃዝማች የነበሩትን መኮንንን ጣልያን ላኩ። መኮንን እዚያ ፋብሪካውን፣ ከተማውን፣ ጦሩን ሁሉ እያሳዩዋቸው ከረሙ፤ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም በውጫሌው ውል ላይ ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚህ ነው ምኒልክ ከጣልያን ባንክ አራት ሚሊዮን ሊሬ የተበደሩት። ግማሹ በገንዘብ፣ ግማሹ ለመሣሪያ መግዣ እዚያው የሚቀመጥ። መያዣው ምን መሰላችሁ? የሐረር ጉምሩክ! ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ የሚያልፍበት የአገሪቱ ትልቁ በር።

አሁን ልብ በሉ። ያ ወረቀት የብድር ወረቀት ብቻ አልነበረም። ስለ ድንበር የሚል ቃልም ነበረበት፤ ወሰኑ ሁለቱም ወገን በያዘው ልክ ይሁን የሚል። ጣልያኖች ደግሞ ያን ሰሞን አሥመራን ይዘው ወደ መረብ እየገፉ ነበር። ብር የቸገረው ሰው ብሩን እንጂ ከብሩ ጋር የመጣውን ቃል አያይም። እኔ ራሴ አላየሁም።

የውጫሌው ውል አንቀጽ 17 ደግሞ ሁላችሁም ትምህርት ቤት የተማራችሁት ነው። በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፣ በጣልያንኛው የግድ በጣልያን በኩል ይሁን ይላል። ምኒልክ ይህን ያወቁት ለአውሮፓ ነገሥታት መንገሣቸውን ጽፈው መልስ ሲመጣ ነው፤ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በጣልያን በኩል አድርጉ ብላ ጻፈችላቸው። አስቡት፣ ንጉሥ ሆኖ በራሱ አገር ጉዳይ ሞግዚት እንደተሾመበት ከሌላ ሰው መስማት። እኛስ ኮንትራታችንን በየትኛው ቋንቋ ነው የፈረምነው? ዓረብኛውን ያነበበ እጁን ያውጣ ቢባል ያን ቀን ስንት እጅ ይወጣ ነበር?

የእኔን ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ታማ ገንዘብ ቸኩዬ ፈለግሁ። ደመወዜ 1000 ሪያል ነው። ወለድ ከምታበድር ሴት 4000 ሪያል ወሰድኩ፣ የአንገት ወርቄን መያዣ ሰጥቼ። በየወሩ 400 ክፈይ አለችኝ፣ እኔም ከዋናው የሚቀነስ መስሎኝ ነበር። ሰባት ወር ከፈልኩ፣ 2800 ማለት ነው። ስጠይቃት ዋናው አሁንም 4000 ነው አለችኝ። ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው ባሳየው ልክ ነበረች፣ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ሹርጣ ጋ ልሂድ ብትሉ ደግሞ ምን ብላችሁ? እንዲህ ያለው ማበደር ራሱ እዚህ አገር በሕግ አይፈቀድም፣ ጉዳዩ ቢወጣ መጀመሪያ የምትፈሩት እናንተ ናችሁ። አበዳሪዋም ይህን ታውቃለች።

ወደ ምኒልክ እመለሳለሁ። ብድሩ የመጣው በአገሪቱ የከፋ ጊዜ ነው። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ጨረሰው። የሚያርስ ጠፋ፣ ዝናብም ቀረ፣ አንበጣም መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት እሱን ነው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ ይባላል፣ ሰው በሬ የለኝም ብሎ እንዳይቀመጥ። እንዲህ ባለ ዘመን አራት ሚሊዮን ሊሬ ዕዳ ያለበት ሰው ጊዜ ስጡኝ ቢል ማን ይፈርድበታል?

እሳቸው ግን ጊዜ መለመን ከጣልያን ጋር ይበልጥ የሚያስር መሆኑ ገባቸው። ዕዳ እያለባችሁ ከአበዳሪ ጋር መጣላት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ አፋችሁ አይከፈትም። አንቶኔሊ ተመልሶ መጥቶ ስለ አንቀጽ 17 ሲከራከር እቴጌ ጣይቱ ፊት ለፊት ተናገሩት፣ በ1883 ዓ.ም. ተቆጥቶ ሄደ። ምኒልክ በሌላ በኩል ጠመንጃ ከፈረንሳይ ነጋዴዎች መግዛት ቀጠሉ፣ በቡና፣ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስና በዝባድ እየከፈሉ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ጣልያን ለማባበል ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ጥይቱን ተቀበሉ፣ ውሉ ግን ፈርሷል ብለው ለመንግሥታቱ ጻፉ። የአራት ሚሊዮኑንም ብድር ጦርነቱ ሳይመጣ ከነወለዱ መለሱ። በዚያ ድርቅና ረሀብ ማግሥት! እርግጥ የንጉሥ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፣ ከገበሬውና ከነጋዴው ነው። የዕዳው ክብደት ያረፈው ስማቸው በማይጻፍ ሰዎች ጀርባ ላይ ነው፤ አገር ቤት እኛ የምንልከውን የሚጠብቁት የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ጣልያን ስትመጣ ያበደርኩትን ልቀበል ብላ ሐረርን የምትጠይቅበት ወረቀት አልነበራትም። በጦር መጣች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን አልነግራችሁም፣ በየዓመቱ ታከብሩታላችሁ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የሰላም ውል ውጫሌ ተሰረዘ። ለምርኮኞች ማቆያ ደግሞ ጣልያን አሥር ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። አራት ያበደረች አሥር ከፈለች፤ ይህን ስጽፍ ፈገግ ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ምኒልክ የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ይጠነቀቁ ነበር። ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ምስላቸው ያለበትን ብር ፓሪስ አስመቱ፣ ሕዝቡ ግን የለመደውን የማርያ ቴሬዛ ብር አልተውም አለ። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት የፈረንሳይ መንግሥት ከኋላ ገባበት፤ ምኒልክ ይህን አልወደዱትም፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ ሲደርስ እሳቸው አልነበሩም። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ባንክ ነው፣ ዋናው ባለቤት ግን የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህን አይተው በ1901 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር ማኅበር አቋቋሙ። የእኛን ዕቁብና ማኅበር አስታወሰኝ።

ምኒልክ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሽባ ሆነው፣ ንግግር አቅቷቸው በአልጋ ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለብዙ ጊዜ ለሕዝቡ አልተነገረም። የተቀበሩት አዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በአታ ነው።

ስለ እኔ ለምትጠይቁኝ፣ ማኅበራችን ከመጠባበቂያው 4000 ሪያል ያለ ወለድ አበድሮኝ ለሴትየዋ ዋናውን ከፍዬ ወርቄን ወስጃለሁ። አሁን ለማኅበሩ በወር ያችኑ 400 እከፍላለሁ፣ በአሥር ወር ያልቃል። ስምንቱን ከፍያለሁ። የሚቀጥለው የዕቁብ ቀን ኮባር ነው፣ የምትመጡ ደብተራችሁን ያዙ፤ ዓረብኛ የምታነበው እህታችንም ስለምትኖር የፈረማችሁት ወረቀት ካለ ይዛችሁ ኑ። በሚቀጥለው እትም ስለ እቴጌ ጣይቱ እጽፋለሁ።